ሳይቆረጥ የተፈታው ቀይ ጨርቅ

ለምሳሳልሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ዕድሜያችን ከመሸ በኋላ እንኳ አንዳችን የሌላችንን ደኅንነት በጽሑፍ ለመጠየቅ ያበቃን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃውን ለመውጣት እሺ አለሽ ወይስ አሁንም በየመሐሉ ጎረቤት የምታነጋግሪ መስለሽ ነው የምታሳርፊው? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ፊደሉ ሁሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስብኛል፣ የመጣልኝን ወረቀት ሁሉ ልጄ ናት የምታነብልኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። የታዘዘልሽን ጠብታ አታቋርጪ። የእኔን ጤና ብትጠይቂ፣ ሰውነቴ ደኅና ነው። እግሬ ለጸሎት ይቆማል፣ ዓይኔም በመነጽር ያነባል። ደኅና ያልሆነው ሌላው ነገሬ ነው፤ እርሱን በየተራው እገልጥልሻለሁ።

ከእሷ ተደብቀሽ፣ በገዛ እጅሽ፣ በትልልቅ ፊደል ከመስመር እየወጣሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ልጅሽ ከመጣች ጀምሮ መስኮት ዳር ተቀምጣ እንደምትውል፣ ስትጠይቂያት "ሥራው በቃኝ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንደማይወጣት ነግረሽኛል። "ካንተ ቃል አትወጣምና እባክህ ምከርልኝ" ብለሻል። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ብዕሩን ስንት ጊዜ አንሥቼ መልሼ እንዳስቀመጥሁት እኔ አውቃለሁ። እህቴ ሆይ፣ የምትለምኚው ሰው መካሪ የሚሆንበትን ፊት አጥቷል። ልጅሽን መስኮት ዳር ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ።

የአዲሱ ቤተ ክርስቲያናችን አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንደነበርሁ ታውቂያለሽ። ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ተከድኖ፣ የቀረን ደወሉን ከማማው ላይ መስቀል ነበር። ደወሉ ከመኪና ሲወርድ ያየ ሰው ክብደቱን አይረሳውም፤ ጎልማሶቹ ተረባርበው ጠርዙን እንኳ ከመሬት ማላቀቅ ተስኗቸው እርስ በርሳቸው ሲሳሳቁ ነበር። ስለዚህ ኮንትራክተሩ በጎማ የሚሄድ ክሬን አስመጣ። ክሬን ደግሞ በአንድ ቦታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደኅንነቱን የሚመረምር ባለሙያ ሊያየው ግድ ነው። መሥሪያ ቤቷ የላከልን ልጅሽን ነበር። በበሩ ስትገባ ባየኋት ጊዜ ልቤ ሞቀ። ለኮሚቴው አባላት ሁሉ "ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ" እያልሁ ስዞር አረፈድሁ።

ስትሠራ አይተሻት ታውቂያለሽ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አሮጌ ጨርቅ ይዛ የብረቱን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለች አበሰችው። ለጽዳት መስሎኝ ነበር። ኋላ የክሬኑ ኦፕሬተር እንዳስረዳኝ፣ ከገመዱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ብቅ ብትል ጨርቁን ትይዘዋለች፤ ልጅሽም በዚያ ታውቃለች። መንጠቆውን በባትሪ ብርሃን ዙሪያውን አየችው። በትንሽ መዶሻ እየመታችም ጆሮዋን አስጠግታ፣ የዜማ መምህር የተማሪውን ድምፅ እንደሚያዳምጥ አዳመጠችው። እኔ በልቤ "ይህንስ ከእኔ ነው የወረሰችው" አልሁ። ትዕቢት ሲመጣ እንዲህ ባለ ደስታ ተሸፍኖ እንደሚመጣ በዚህ ዕድሜዬ ማወቅ ነበረብኝ።

በመጨረሻ የመፈተኛ ክብደት አስነሣችና ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ሲል አስቆመችው። አጠገቡ እንጨት አቁማ በጠመኔ ምልክት አደረገችበት፣ ከዚያም ሰው ሁሉ ዝም እንዲል ጠየቀች። ሠራተኛው ሁሉ ጸጥ አለ። እኔ ግን ጸጥታው ለጸሎት የተሰጠ መስሎኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ምስጋና ማድረስ ጀመርሁ። ያን ጊዜ ከክብደቱ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ፣ በትሕትና፣ "አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ጸሎቱ የእርስዎ ነው፤ ፍሬኑን ግን ልስማው" አለችኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ከወደ ኋላ የቆመው ምልክት ሰጪ፣ በፉጨት ክሬን እየመራ ስለሚውል እሱንም ራሱን "ፉጨት" የሚሉት ሰው፣ "አባ፣ ዛሬስ እርስዎም ተራ ይጠብቃሉ" ብሎ ሳቁን አባሰው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን በከንፈሬ ነበር።

ክብደቱ ማንም ሳይነካው ከጠመኔው ምልክት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ። ልጅሽ ፍሬኑ እንደሚንሸራተት ተናገረች። የፍሬኑ ሸራ እስኪቀየር ድረስ በዚያ ክሬን እንቁላል እንኳ እንደማይነሣ ለኦፕሬተሩም ለፎርማኑም ነገረቻቸው። ከዚያም ወደ ጋቢናው ወጥታ ከማንሻው እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች። በሙያቸው ሕግ፣ መርማሪ ያሰረውን ቀይ ጨርቅ ከመርማሪው በቀር ማንም አይፈታውም።

ቋጠሮውን ባየሁት ጊዜ ፈገግ አልሁ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ልጅ ሳለች እኔ ቤት ስትማር ጓደኞቿ ቦርሳዋን እየከፈቱ ዳቦዋን ይበሉባት ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰች ስትመጣ የመጽሐፍ ማኅደሬን ጠፍር የማስርበትን ቋጠሮ አስተማርኋት፤ እኔም በተማሪነቴ ከመምህሬ የተማርሁት ነው። ሲጎትቱት ይብስ ይጠብቃል። የሚፈታው ጫፉን ወደ ውስጥ መልሰው ሲገፉት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዳቦዋን የነካባት አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራ፣ በሥራዋ ላይ አዋለችው።

እኔ ግን አስቀድሜ በምእመናን ፊት ቆሜ፣ "በሚመጣው እሑድ የምትመጡት በደወላችን ድምፅ ተጠርታችሁ ነው" ብዬ ነበር። ማንም እንድናገር አልጠየቀኝም፤ ጭብጨባው ደስ ብሎኝ ጨመርሁበት እንጂ። ልጅሽን ለብቻዋ ጠርቼ እንድትፈቅድልን ለመንኋት። መለዋወጫው ከእሑድ በኋላ እንደሚደርስ፣ ከዚያ በፊት ሰው ከሥሩ ማቆም እንደማይቻል አስረዳችኝ። እግዚአብሔር ቤቱን ይጠብቃል አልኋት። እርሷም፣ "ይጠብቃል እንጂ፣ አባባ። እኔንም የላከኝ ለዚሁ ይሆናል" አለችኝ። በጉባኤ ስንቱን መልስ ያሳጣሁ ሰው፣ በፊደል ተማሪዬ ተረታሁ። ያን ዕለት ቂም በልቤ አሳደርሁ፤ ስሙን ግን "ለቤተ እግዚአብሔር መቆርቆር" ብዬ ጠራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅሽ ሌላ ሥራ ቦታ ነበረች። ፎርማኑ ሲሚንቶ ሊያመጣ ወጥቷል። ኦፕሬተሩ ከክሬኑ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያያል። ቀርቤ፣ ደወሉን እናንሣ አልሁት። ከተቀመጠበት ተነሣና ጨርቁ እያለ እጁን እንደማይሰድ በአክብሮት ነገረኝ። ፎርማኑ በዋዜማው በቢላ ቁረጠው ቢለው እንኳ መቁረጥ መርማሪዋን መድፈር ነው ብሎ እንቢ ማለቱን ጨመረልኝ። "እሷ ያሰረችውን ማን ይፈታዋል፣ አባ?" አለኝ።

"እኔ እፈታዋለሁ" አልሁት።

ይህ ሰው የንስሐ ልጄ ነው። ኃጢአቱን ሁሉ ለእኔ ሲናገር ኖሯል፤ ማሰርና መፍታት የተሰጠኝ ካህን እንደሆንሁ ያውቃል፣ ይህም ከዚያ የተለየ አልመሰለውም። እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚያች ቅጽበት ለእኔም የተለየ አልመሰለኝም። ወደ ጋቢናው ወጣሁ፣ የቋጠሮውን ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጣቶቼ ገና ሳላስበው ፈቱት። ጨርቁን አጥፌ ከመቀመጫው ዳር አኖርሁና ኦፕሬተሩን ባረክሁት።

ደወሉ ሲነሣ ያምር ነበር። ፉጨት ከሥር ሆኖ እየመራ፣ ፀሐይ እያረፈበት፣ ወደ ማማው ግማሽ ድረስ ወጣ። እዚያ ላይ ኦፕሬተሩ ሊያስተካክለው ቆም አደረገው። ደወሉ አልቆመም። በመጀመሪያ በዝግታ፣ ልክ በጠመኔው ምልክት አጠገብ እንዳየሁት፣ ወደ ታች ተንሸራተተ። ኦፕሬተሩ እጀታውን በሁለት እጁ ሲጎትት አየሁት። ከዚያ ወዲያ ዝግታ አልነበረም። ፉጨት ሌሎቹን እየገፈተረ ሲያስሸሽ እርሱ ራሱ ወደ ኋላ ቀረ። ደወሉ መሬት ላይ ወድቆ ከመሰንጠቁ በፊት አንድ ጊዜ ጮኸ። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ለምእመናኑ ቃል የገባሁላቸው ድምፅ እርሱ ነው።

ፉጨት በሕይወት ተርፏል፤ የአምላክ ስም የተመሰገነ ይሁን። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ደቅቋል። ሐኪሙ ከእንግዲህ በምርኩዝ እንጂ ያለ ምርኩዝ እንደማይሄድ ነግሮታል።

ልጅሽ ሰምታ እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ ወደ ጋቢናው ነው የወጣችው። ጨርቁን ከመቀመጫው ላይ አነሣች፣ ሁለቱን ጫፎች ይዛ አየቻቸው። ቢላ አልነካቸውም። ከዚያ ቀና ብላ በግቢው ማዶ የቆምሁትን እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አልነበረም። ጨርቁን ኪሷ ከትታ ወደ ቁስለኛው ሄደች።

ነገሩን እንዲያጣራ የተሰየመው ኮሚቴ በኮንትራክተሩ ቢሮ ተሰበሰበ። እኔ ስገባ ሁሉም ተነሡልኝ፣ ጥሩውን ወንበር ለቀቁልኝ። ፎርማኑ ለራሱ ፈርቶ ጨርቅ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። ኦፕሬተሩ ጫማውን እያየ፣ አላስታውስም ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም፤ ወደ እኔ አንድም ጊዜ ዞር አላለም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። መቁጠሪያዬን በእጄ ይዤ፣ የሚጠይቀኝ ቢኖር እናገራለሁ እያልሁ ለኅሊናዬ እነግረው ነበር። የሚጠይቀኝ እንደማይኖር ግን ከወንበሩ ጀምሮ አውቄዋለሁ።

በመጨረሻ ልጅሽን፣ በእርግጥ ጨርቁን አስረሽው ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። ወደ እኔ ሳትመለከት፣ "አስሬው ነበር። ምናልባት ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል" አለች።

እህቴ፣ ያ ቋጠሮ ሳይጠብቅ ቀርቶ አያውቅም።

ከሥራዋ ያገዷት በዚህ ቃሏ ነው። ወደ አንቺ ከመምጣቷ በፊት ልትሰናበተኝ ቤቴ መጥታ ነበር። ስለ ሥራው አልተነጋገርንም። ስለ አንቺ ዓይን አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን። ስትነሣ ከቦርሳዋ ያን ቀይ ጨርቅ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አውጥታ ከመጽሐፍ ማንበቢያዬ ላይ አኖረችው። "ይኼ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፣ አባባ" አለችና ለምርቃት ጎንበስ አለች። እኔም እጄን ከራሷ ላይ ጭኜ መረቅኋት። ጨርቁን በፈታው በዚያው እጄ።

የአንቺ ደብዳቤ ያገኘኝ እንዲህ ሆኜ ነው። ካነበብሁት በኋላ ጸሎት ልጀምር ቆሜ ከመጀመሪያው ቃል ማለፍ አቃተኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ወደ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ፉጨትን እግሩ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትራስ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ሲያየኝ አፉን አሞጥሙጦ ያፏጭልኝ ጀመር፤ እግሩ እንጂ ፉጨቱ እንዳልተሰበረ እወቁልኝ አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሳቁ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያቺ ልጅ ሥራ አቆመች አሉኝ። ሰው ነች፤ ማጥበቁን ረስታ ነው። ይቅር ብያታለሁ በሉልኝ፣ አባ። እርስዎ ካሏት ልቧ ያርፋል" አለኝ።

የእኔን ኃጢአት ይቅርታ ለእሷ እንዳደርስ ላከኝ። በዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እውነቱን ነገርሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ለእኔ ያለውን ነገር ገና እንደሚያስብበት ነገረኝ። ልክ ነው፤ እርሱን የማስቸኩልበት መብት የለኝም።

ትናንት አጣሪ ኮሚቴው እንዲሰበሰብልኝ ጠየቅሁ። አሁንም ተነሡልኝ፤ አሁንም ወንበር ለቀቁልኝ፤ እኔ ግን አልተቀመጥሁም። ሰብሳቢው ለእህቴ ልጅ ላማልድ የመጣሁ መስሎት፣ ነገሩ በምልጃ የሚሆን አለመሆኑን በትሕትና ያስረዳኝ ጀመር። ቀይ ጨርቁን አውጥቼ ከጠረጴዛው እግር ላይ አሰርሁትና ፎርማኑን እንዲፈታው ጠየቅሁት። ጎተተ፣ ጠበቀ። በጥርሱ ሞከረ። ከአጣሪዎቹ አንዱ የሆነው መሐንዲስ መነጽሩን አውልቆ ተንበረከከ፣ ጥፍሩ ተሰበረና መቀስ አምጡ አለ። አደጋው በደረሰ ቀን ጨርቁ ሳይቆረጥ ከመቀመጫው ላይ መገኘቱን ነገርኋቸው። ከዚያ እኔ ጎንበስ አልሁና ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋሁት።

ሰብሳቢው ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ፣ "ይኼን መፍታት የሚችል ሌላ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሁለት ነን" አልሁት። "አንደኛዋ በዚያን ሰዓት ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ነበረች።"

ኦፕሬተሩ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፣ ከዚያም ሁሉን ተናገረ። እዚህ ላይ የምጽፍልሽ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ነው። ሰብሳቢው በሩን ዘጋና፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ስምና ለእኔ ሽበት ሲባል ነገሩ ከዚያ ክፍል ባይወጣ፣ ልጅሽም በሌላ ምክንያት ወደ ሥራዋ ብትመለስ እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበ። ወዲያው እንቢ አላልሁም። ጥቂት አሰብሁበት። እህቴ፣ ያን ሁሉ አድርጌ፣ እዚያም ላይ ቆሜ፣ አሰብሁበት! ኋላ ግን መስኮት ዳር የተቀመጠችው በዓይነ ኅሊናዬ መጣችብኝና ቃሌ ከነስሜ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ፈርሜያለሁ። ለሕግ የሚደርሰው ይደርሳል፤ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። የአሠሪ ኮሚቴውን ሥራ ትቻለሁ፤ ከመቅደስ አገልግሎትም እስኪፈቀድልኝ ድረስ ርቄያለሁ። በመጪው እሑድ፣ ደወሉን ተስፋ ባስደረግኋቸው ምእመናን ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ።

መሥሪያ ቤቷ በቅርቡ ደብዳቤ ይልክላታል። መሄዷም መቅረቷም የራሷ ፈቃድ ነው። ምከርልኝ ያልሽኝን በተመለከተ፣ ምክር የለኝም። ይቅርታን ደግሞ በሰው አልልክም፤ እግሬ ቆሞ ሳለ ራሴ መጥቼ ከደጃችሁ እቆማለሁ። ለመምጣቴ ብላ ምንም እንድታሰናዳ አታድርጊያት፣ የእኔን ነገር ቀለል አድርገሽም አትንገሪልኝ።

ይህን ደብዳቤ ሰብሳቢው በመለሰልኝ በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በዚያው ቋጠሮ አስሬዋለሁ። ከላዩ ላይም በመቀስ እንዳይቆረጥ ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ጨርቁ ባለቤት አለውና ለሥራዋ ያስፈልጋታል። ጥቅሉ እንዴት እንደተፈታልሽ መልሰሽ ልትጽፊልኝ አያስፈልግም።

የሚያነብልሽ ድምፅ እዚህ ላይ ቢቆም ቀጥዪ አትበያት። ውኃ አቀብዪያትና ትንሽ ትረፍ። ከዚህ በኋላ የቀረው ምርቃት ብቻ ነው።

ለመመረቅ የተገባሁ ባልሆንም፣ የእኔን አይቶ ሳይሆን የራሱን ቸርነት አይቶ የሚሰጥ አምላክ የዓይንሽን ብርሃን ይመልስልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። በቤትሽ ያለችውን በወጣችበት ይጠብቅልሽ፤ የቆመችበትን መሬት ያጽናላት፤ ከሚነሣ ሸክም ሁሉ ሥር የሚቆሙትንም በእሷ ዓይን ይጠብቅ። እኔን በጸሎታችሁ አስቡኝ ለማለት ገና አልደፍርም።

ፊደል ያስቆጠራት፣
ወንድምሽ